“ማፊ ሸይ” ሲባል፦ ሽንት የማያሳየው የሴቶች ኢንፌክሽን

ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችንን እናስብ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ከብልቷ የሚወጣው ፈሳሽ ቀጥኗል፣ በዝቷል፣ ሽታውም ተቀይሯል። የወር አበባዋ ሲሄድ ደግሞ ይብስባታል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች፤ ሽታው ግን አይለቃትም። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን አስቀምጣ ቶሎ ከሳሎን ትወጣለች። ማዳም አጠገብ መቆም ያሳቅቃታል። በመጨረሻ እንደምንም ደፍራ “ታምሜያለሁ” አለች፤ ክሊኒክም ተወሰደች። ሐኪሙ ወንድ ነው፤ ማዳም ከጎኗ ተቀምጣለች። አፏ ላይ የመጣላት “ሆዴን ያመኛል” የሚለው ብቻ ነው። ሽንት ስጪ ተባለች፣ ሰጠች። ውጤቱ መጣ። “ማፊ ሸይ” አሏት፤ ምንም የለብሽም።

ይህች እህት ለምሳሌ ያቀረብናት እንጂ የአንዲት የምናውቃት ሴት ታሪክ አይደለችም። ነገሩ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይሆንም። ምንም የለብሽም የተባለች ሴት ቤቷ ተመልሳ ሁለት ነገር ታስባለች። ወይ “ሕመሙ የኔ ቅዠት ነው” ትላለች፣ ወይ “ሐኪሙ ደብቆኛል፣ መጥፎ በሽታ ይዞኛል” ብላ እንቅልፍ ታጣለች። ሁለቱም ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። የሽንት ምርመራው አልዋሸም። የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልዩነት ነው። የሴቶችን የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የሚለዩት ምርመራዎች ምን ያያሉ፣ ምን አያዩም፣ ውጤታቸውስ ምን ያህል ይታመናል? ይህን ያወቀች ሴት ክሊኒክ ስትገባ የሚያስፈልጋትን ምርመራ ራሷ መጠየቅ ትችላለች።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በአገራችን ከብልት ፈሳሽ ጋር የተያያዘውን ሁሉ “የማህፀን ኢንፌክሽን” ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን። በሕክምና ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ፈንገስ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጣም ያሳክካል፣ ፈሳሹም እንደ አይብ ይቋጥራል። ሁለተኛው ትሪኮሞናስ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም በብዛት የሚታየው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው ነው። ከላይ የጠቀስናት እህት ምልክቶች ከዚህ ከሦስተኛው ጋር ይመሳሰላሉ።

ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ከውጭ በገባ አንድ ጀርም ብቻ የሚመጣ አይደለም። በጤናማ ሴት ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው። እንደ እነሱም አሲድ ይሠራሉ፤ ይህ አሲድ አካባቢውን ኮምጣጣ አድርጎ ሌሎች ጀርሞች እንዳይበዙ ይጠብቃል። በሆነ ምክንያት እነዚህ ጠባቂዎች ሲቀንሱ ጋርድነሬላን የመሰሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። አሲዱ ይቀንሳል፤ ቀጭን፣ ግራጫ የመሰለ ፈሳሽና የዓሣ ዓይነት ሽታ ይመጣል።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ23 እስከ 29 በመቶ የሚሆኑት ይገኝባቸዋል። ከአራት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይሻላል። ቸል ሲባል ግን ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የመያዝ ዕድልን ይጨምራል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ይያያዛል።

አፍንጫ ዳኛ አይሆንም

“ሽታውን ካወቅሁት ምርመራ ምን ያደርግልኛል?” የምትል እህት ትኖራለች። መልሱን ከአዲስ አበባ እናምጣው።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለእርግዝና ክትትል በመጡ እናቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የእናቶቹን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲያዩ 19.4 በመቶው ላይ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ አገኙ። ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የሚቀጥለው ቁጥር ነው። ምልክት አለን ካሉት እናቶች መካከል ሕመሙ የተገኘው በ31.6 በመቶው ላይ ነው። ምንም ምልክት የለንም ካሉት መካከል ደግሞ 15.9 በመቶው ላይ ተገኘ።

ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አስቡት። ምልክት ካላቸው ሦስት እናቶች ሁለቱ ሕመማቸው ሌላ ነበር፣ ወይም ጭራሽ ሕመም አልነበረም። ምልክት ከሌላቸው ስድስት እናቶች ደግሞ አንዷ ሳታውቀው ይዟታል። እንግዲህ በምልክት ብቻ ተመርተን መድኃኒት ብንሰጥ ከሦስት ሁለቱን የማያስፈልጋቸውን ክኒን እናውጣቸዋለን።

በአገር ቤት ብዙ ጤና ጣቢያዎች ላቦራቶሪ ስለማይበቃቸው የብልት ፈሳሽን በምልክት ብቻ ማከም ለዓመታት የተለመደ አሠራር ነው። የአቅም ጉዳይ ነውና አይፈረድም። ሪያድ ውስጥ ግን ማይክሮስኮፕ ያለው ላቦራቶሪ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። የሚያስቸግረው ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ ነው።

ሐኪም እንዴት ይለየዋል?

እ.ኤ.አ. በ1955 ጋርድነርና ዱክስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሕመሙን ከአንድ ባክቴሪያ ጋር አያያዙት፤ ጋርድነሬላ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ አምሰል የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አራት ነጥብ አወጣ። ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው ይባላል።

አንደኛ፣ ፈሳሹ ቀጭንና ወጥ ነው። ሁለተኛ፣ አሲዱን የሚለካ ወረቀት ፈሳሹን ሲነካ ፒኤች ከ4.5 በላይ ያሳያል። ሦስተኛ፣ በፈሳሹ ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኬሚካል ጠብ ሲል የዓሣ ሽታ ይወጣል። አራተኛ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የገላ ሕዋሶች ጠርዛቸው እስኪደበዝዝ ድረስ በባክቴሪያ ተሸፍነው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በተራ ክሊኒክ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1991 ኑጀንት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው የነጥብ አሰጣጥ ነው። ናሙናው በመስታወት ላይ ተቀብቶ ቀለም ይነከራል፤ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ጠቃሚዎቹንና ጎጂዎቹን ባክቴሪያዎች ቆጥሮ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከ0 እስከ 3 ጤናማ፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 10 ሕመሙ አለ ማለት ነው። ተመራማሪዎች አዲስ ምርመራ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። የጥቁር አንበሳው ጥናትም የተጠቀመው ይህንኑ ነው።

በኋላ የመጡ ፈጣን ምርመራዎችም አሉ። አንዱ ባክቴሪያዎቹ የሚያመነጩትን ኢንዛይም ፈልጎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙን የሚቀይር ነው። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አለ፣ ቢጫ ከሆነ የለም ይላል። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልጉ የፒሲአር ምርመራዎችም አሉ፤ እነዚህ ግን ዋጋቸው ከፍ ይላል።

ምርመራውም ይመረመራል

ማንኛውም ምርመራ እንደ ምስክር ነው። ሐቀኛ ምስክርም ቢሆን የሚያመልጠው ነገር አለ፤ አንዳንዴም ንጹሑን ሰው ከሌላው ጋር ያመሳስላል። ስለዚህ ስለ አንድ ምርመራ ሁለት ነገር ይጠየቃል። ሕመሙ ካለባቸው ስንቱን ያገኛል? ጤነኛ ከሆኑት ስንቱን በትክክል ጤነኛ ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የአምሰልን አራት ነጥብ ከማይክሮስኮፕ ቆጠራው ጋር አወዳድሮ ነበር። ሕመሙ ካለባቸው 100 ሴቶች 70ውን አገኘ። ከሌለባቸው 100 ሴቶች ደግሞ 94ቱን በትክክል የለባችሁም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ የተገመገመው የ10 ደቂቃው ፈጣን ምርመራ ደግሞ ካለባቸው 100 ሴቶች 88ቱን አገኘ፤ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 91ዱን ለየ።

ይህ ቁጥር ለአንዲት ሴት ምን ማለት ነው? 1,000 ሴቶች ተሰልፈዋል እንበል። እንደ ጥቁር አንበሳው ጥናት ከአምስት አንዷ፣ ማለትም 200ዎቹ ሕመሙ አለባቸው፤ 800ዎቹ የለባቸውም።

በአምሰል ነጥብ ብንመረምራቸው ከ200ዎቹ 140ው ይገኛሉ፤ 60ዎቹ ያመልጣሉ። ከ800ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 48ቱ በስህተት አለባችሁ ይባላሉ። በድምሩ 188 ሴቶች “አለብሽ” ይባላሉ፤ በእርግጥ ያለባቸው 140ው ናቸው። ከአራት ሦስቱ እውነት፣ አንዱ ስህተት ነው።

በፈጣኑ ምርመራ ብንመረምራቸው ከ200ዎቹ 176ቱ ይገኛሉ፤ የሚያመልጡት 24 ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከጤነኞቹ 72ቱ በስህተት አለባችሁ ይባላሉ። አንዱ ምርመራ ብዙ ያመልጠዋል፣ ሌላው ብዙ ይጠረጥራል። እንከን የሌለው ምርመራ የለም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ “የለብሽም” የተባለች ሴት በአብዛኛው በእርግጥ የለባትም፤ ምልክቱ ከቀጠለ ግን ካመለጡት አንዷ ልትሆን ስለምትችል ተመልሳ መታየት አለባት። ሁለተኛ፣ “አለብሽ” የሚል ውጤት ብቻውን ፍርድ አይደለም። ምልክት ላላት ሴት ይህ ውጤት ክብደት አለው። ምንም ምልክት ለሌላትና ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ግን ብዙ ጊዜ ሕክምናም አያስፈልጋትም።

ለዚህ ሕመም የማይበቁ ምርመራዎች

አሁን ወደ መጀመሪያዋ እህት እንመለስ። ሽንት ሰጥታ “ማፊ ሸይ” ተባለች። የሽንት ምርመራ የሚያየው የሽንት ቧንቧን ነው። ሽንት ሲሸና ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ከእምብርት በታች መክበድ ሲኖር ትክክለኛው ምርመራ እሱ ነው። ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ይዘው ረጅም ሰዓት ለሚሠሩ ሴቶች ይህም የተለመደ ሕመም ነው። የብልት ፈሳሽና ሽታ ግን የሚመረመረው ከራሱ ከፈሳሹ በሚወሰድ ናሙና ነው። ሽንት ንጹሕ መሆኑ ስለ ፈሳሹ ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው የሚያሳስተው የካልቸር ምርመራ ነው። ከብልት በተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያ ይራባና “ጋርድነሬላ ተገኝቷል” የሚል ወረቀት ይመጣል። ጋርድነሬላ ግን በብዙ ጤነኛ ሴቶች ላይም ይገኛል። መገኘቱ ብቻ ሕመም አያሰኝም፤ ሚዛኑ መዛባቱ ነው ሕመሙ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጣችሁ “በማይክሮስኮፕስ ታይቷል ወይ?” ብላችሁ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የማህፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ፓፕ ምርመራ ነው። ጠቃሚ ምርመራ ነው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው።

አራተኛው ራሳችሁ ቤት ውስጥ የምትጠቀሙበት የፒኤች ወረቀት ነው። ከአምሰል አራት ነጥቦች አንዷን ብቻ ይለካል። የወር አበባ ደም፣ የወንድ ዘር ፈሳሽ፣ ትሪኮሞናስም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ወደ ሐኪም እንድትሄዱ ይጠቁማል እንጂ መድኃኒት አያዝም።

ከጓደኛ የመጣ ክኒን

መንፉሃና ባጥሃ የሚመላለስ ሰው ያውቀዋል፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ክኒን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። “እኔን አድኖኛል፣ አንቺም ውሰጂው” ይባላል። በቅን ልቦና የሚደረግ ነው። ሳዑዲ ውስጥ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ከ2018 ወዲህ በጥብቅ የተከለከለ ስለሆነ ፋርማሲው እምቢ ሲል ጓደኛ ጋር መሄዱ የሚቀለው መንገድ ይመስላል።

ሦስት ጉዳት አለው። ሕመሙ ፈንገስ ከሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ እንዲያውም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ሊያባብሰው ይችላል። የቀረ ሦስት አራት ክኒን ውጦ ማቆም ደግሞ ሕመሙን ለጊዜው አስታግሶ መልሶ ያመጣዋል። ከሁሉ በላይ ግን ከምርመራ በፊት የተወሰደ ክኒን ምርመራውን ያሳስታል፤ ምስክሩ ከመጠየቁ በፊት አፉ ተዘጋ ማለት ነው። ክኒን ወስዳችሁ ከሆነ ስሙን ወይም ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ይህ አያስወቅሳችሁም።

ሐኪሞች ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በብዛት የሚያዙት ሜትሮኒዳዞል ወይም ክሊንዳማይሲን ነው፤ በሚዋጥ ወይም በብልት ውስጥ በሚገባ መልክ። ሜትሮኒዳዞልን ብዙዎቻችሁ በአገር ቤት ለአሜባ ሲታዘዝ ታውቁታላችሁ። መጠኑና የቀኑ ብዛት ግን ለሕመሙ ይለያያል፤ የአሜባውን ትእዛዝ ለዚህ አትጠቀሙበት። ሽታው በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም የታዘዘላችሁን ጨርሱ። ሕመሙ ከዳነ በኋላ በወራት ውስጥ ተመልሶ መምጣት የተለመደ ነው። ተመልሶ ቢመጣ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ እንደገና ተመርመሩ።

ስለ መታጠብም አንድ ነገር። የሰውነትን ውጭ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ውስጥን በሳሙና፣ በዴቶል ወይም በሽቶ ማጠብ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ያወጣል፤ ለዚህ ሕመምም በር ይከፍታል። ሽታውን ለማጥፋት አብዝታ የምትታጠብ ሴት ሳታውቀው ሽታውን ታቆየዋለች።

ውጤቱ የጸባይ ምስክር ወረቀት አይደለም

ብዙ እህቶች ምርመራውን የሚሸሹት ሕመሙን ፈርተው አይደለም። የሚፈሩት ወሬውን ነው። “የሴት ሕመም” ሲባል አሠሪ ምን ያስባል? ጓደኛ ምን ይላል? አገር ቤት ያለው ባል ቢሰማስ?

እውነቱ ይህ ነው። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በተለምዶ ከአባላዘር በሽታዎች ተራ አይመደብም። ከወንድ ጋር ግንኙነት ለሌላት ሴትም ሊመጣ ይችላል። ለባለትዳሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሚስት ብቻ ከምትታከም ባልም አብሮ ሲታከም ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ከግንኙነት ጋር ዝምድና የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህ ውጤት የተገኘባት ሴት ምን እንዳደረገች ወይም እንዳላደረገች ወረቀቱ አይናገርም። ማንም ሰው በዚህ ውጤት ተነስቶ አንዲትን ሴት ሊከስሳት አይችልም። እሷም ራሷን መክሰስ የለባትም።

ሌላው ፍርሃት “ከአገር ያስወጡኛል” የሚለው ነው። ለሥራ መግቢያና ለኢቃማ የሚደረገው የጤና ምርመራ ኤችአይቪን፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲን፣ የሳንባ ነቀርሳን የመሳሰሉ በሽታዎችን ይፈልጋል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ከሚፈለጉት ውስጥ የለም።

ሪያድ ውስጥ ክሊኒክ ስትሄዱ

በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት የታመመች ሠራተኛ በሕክምና ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ከነደመወዟ ይገባታል፤ ሕክምና እንድታገኝ ማድረግም የአሠሪ ግዴታ ነው። ብዙ የቤት ሠራተኞች ባሉባቸው ቤቶች ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የጤና ኢንሹራንስ መግባት ግዴታ ሆኗል። እናንተም ተመዝግባችሁ እንደሆነ አሠሪያችሁን ጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 937 ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ለድንገተኛ አደጋ አምቡላንስ 997 ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሁለት ቀን ውስጣችሁን አትታጠቡ፤ በብልት የሚገባ ክሬም ወይም መድኃኒትም አታድርጉ። የወር አበባ ላይ ከሆናችሁና ሕመሙ የማያጣድፍ ከሆነ እስኪሄድ ጠብቁ፤ ደም ውጤቱን ያሳስታል። ሽታው መቼ እንደጀመረ፣ የመጨረሻው ወር አበባችሁ መቼ እንደነበር፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት ካለ አስታውሳችሁ ያዙ።

ማዳም አብራችሁ ብትገባ አትጨነቁ፤ ሐኪሟን ለብቻ ማነጋገር እንደምትፈልጉ በትሕትና መናገር ይቻላል። ለዚህ የሚረዱ ጥቂት የአረብኛ አባባሎች እነሆ፤ በስልካችሁ ጽፋችሁ ያዟቸው።

“አብጋ ዶክቶራ”፦ ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ።

“አብጋ አትከለም መዓ ዶክቶራ ለወህዲ”፦ ከሐኪሟ ጋር ለብቻዬ መነጋገር እፈልጋለሁ።

“ዒንዲ ኢፍራዛት ወ ሪሃ”፦ ፈሳሽና ሽታ አለብኝ።

“ዒንዲ ሐረቃን ፊል በውል”፦ ስሸና ያቃጥለኛል።

“አብጋ ተህሊል ቀብል አል ዒላጅ”፦ ከመድኃኒት በፊት ምርመራ እፈልጋለሁ።

“ዒንዲ ሃሳሲያ”፦ የማይስማማኝ መድኃኒት አለ።

ናሙና የሚወሰድበት ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ “መስሃ” ይባላል። ያላገባች ወይም ግንኙነት የማታውቅ እህት ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ ናሙናው ያለ ማስፋፊያ መሣሪያ በቀጭኑ ዘንግ ብቻ ሊወሰድ ይችላል። በብዙ ቦታ ሴቲቱ ራሷ በመጸዳጃ ቤት ናሙናውን እንድትወስድ ይፈቀዳል፤ በትክክል ከተወሰደ ለዚህ ምርመራ በቂ ነው። “ራሴ ብወስደውስ?” ብላችሁ ከመጠየቅ አትፈሩ።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። የታየው ሽንት ነው ወይስ ፈሳሽ? ፈንገስና ትሪኮሞናስስ ታይተዋል? ምልክቱ ካልጠፋ መቼ ልመለስ? ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ሐኪም ጋር ብትሄዱ ከዜሮ አትጀምሩም።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁም። ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ብርቱ ሕመም፣ ከወር አበባ ውጭ ደም መፍሰስ፣ ከወገብ በላይ ጎን ላይ የሚወጋ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆኖ ፈሳሽ መብዛት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ያነሳናት እህት አሁን ዳግመኛ ክሊኒክ ሄደች እንበል። ሴት ሐኪም ጠየቀች። “ሆዴን ያመኛል” በማለት ፈንታ “ኢፍራዛት ወ ሪሃ” አለች። ናሙናው ከፈሳሹ ተወሰደ፣ በማይክሮስኮፕ ታየ። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ በእርግጥም ምንም ላይሆን ይችላል። የትኛውም ቢሆን በዚህ ጊዜ የተጠየቀው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። “ማፊ ሸይ” ቢሏት እንኳ ዛሬ አምናው መተኛት ትችላለች።